ከአምስት ወቄት በላይ

«አምስት ነጥብ አንድ» አለች የልጆቹን የእንጨት መኪኖች ለመመዘን የተመደበችው ማርላ፣ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳታነሳ። «ከልኩ አልፋለች፣ ልጄ።»

የዘጠኝ ዓመቱ ኦረን በስካውት ሸሚዙ አንገቱን ወደ ሚዛኑ አሰገገ። «አይሆንም! እነትሪሻ ቤት ስንመዝናት ልክ አምስት ወቄት ነበረች።»

«የትሪሻ የኩሽና ሚዛን ዱቄት ይመዝንላት። እዚህ የሚሠራው ይኼ ነው።»

ከአፏ ሲወጣ መረራት። መኪናቸውን ይዘው የተሰለፉት ወላጆች ግን የሰሙ አይመስሉም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በልጆች ጩኸት ተሞልቷል።

መኪናዋን አገላብጣ አየቻት። ከአንዲት የጥድ ቁራጭ ተጠርባ፣ ጥቁር አረንጓዴ ተቀብታ፣ እንደ ተላጠ እንቁላል ለስልሳለች። አንድ እንከን ፈለገች፤ አላገኘችም። ትሪሻ የኦረን አባት ግሌን ከማርላ ጋር ከተፋታ በኋላ ያገባት ሴት ናት፤ ቁም ሣጥን የሚሠራበት ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው።

የባለፈውን ዓመት መኪና ከኦረን ጋር የሠራችው ማርላ ነበረች። የመኪና ሞተር ፊት ነው ብላ፣ ማክበጃ ብረቱን ሁሉ አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው። በክብደቷ ብቻ በተዳፋት ጣውላ ላይ የምትወርደው መኪና መጨረሻው መስመር ሳትደርስ ቆመች። የስካውቶቹ አለቃ ሚስተር ሂልማን በጣታቸው ገፋ አድርገው አሳለፏትና አዳራሹ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ግን ሳቀ። ዘንድሮ ኦረን ገና የጥድ ቁራጩ ሲታደል፣ «እኔ አባዬ ቤት ነው የምሠራው» አለ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ሲሆን ማርላ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠች። መጋዝ ጣቱን ሲቆርጠው፣ ብናኝ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ይታያት ነበር። ልጁ አሥር ጣቱን ይዞ፣ ፀጉሩ የእንጨት ብናኝ እየሸተተ ይመለሳል፤ እራት እስኪያልቅ «ትሪሽ እንዲህ አለች፣ ትሪሽ እንዲህ አሳየችኝ» ነው። እሷ ደግሞ፣ ያሰበችው ክፉ ነገር ሁሉ ባለመድረሱ እፎይ ማለት ሲገባት፣ የሆነ ነገር የተነጠቀች ይመስላታል።

«ማርላ፣ ቀንሺለትና ትግባ!» አሉ ሚስተር ሂልማን ከማዶ። «ምዝገባው አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።»

ተመዝና ያለፈች መኪና በገመድ ወደታጠረው ጠረጴዛ ትገባለች። ከዚያ በኋላ እሽቅድምድሙ እስኪጀመር ባለቤቷም አይነካትም።

«እማዬ፣ ከአፍንጫዋ ነው የሚሰረሰረው፣ እሺ?» አለ ኦረን። «ከኋላ እንዳትነኪ። ትሪሽ ክብደቱ ከኋላ ሲሆን ነው ቁልቁለቱን የሚገፋት ብላለች።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ትሪሽ ለምን ቀረች?»

«በረዶ ነው። መንገዱ ያንሸራትታል። ሂድ፣ ጓደኞችህ እየጠሩህ ነው።»

ሮጠ። ማርላ በሐሳቧ የትሪሻን መኪና ከመንገድ ወጥታ ቦይ ውስጥ ተገልብጣ አየቻት። እንዲህ ያለ ነገር ቀኑን ሙሉ ሲታያት ይውላል፤ የዚህኛው ልዩነት ልቧ አለመደንገጡ ነበር።

መሰርሰሪያውን አነሳች። አውቃለሁ ያለችው እውነቷን ነው፤ ከአምናው ኀፍረት በኋላ የውድድሩን መመሪያ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። አፍንጫዋ ባዶ እንጨት ነው፤ ቢሰረሰር ምንም አይጎዳትም። ከኋላ ግን ሦስት ክብ ብረቶች፣ በጣት ሲዳሰሱ ከእንጨቱ እስከማይለዩ ድረስ ተስተካክለው ተቀብረዋል። እንዲህ አድርጎ መቅበር እሷ አትችልም።

ፊቷን ብሰረስረው እንጨቱ ቢሰነጠቅስ? አለች በሆዷ። ለሁለት ቢከፈልስ? የምትፈራው ነገር መቼም አይጠፋትም።

መሰርሰሪያው ከኋላ፣ ለስላሳው ብረት ውስጥ ገባ። ብርማ ፍቅፋቂ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ሚዛኑ ልክ አምስት አለ።

የኦረን መኪና አራት ልጆችን በተራ ጥላ ለመጨረሻው ዙር ደረሰች። ትሪሻ ቦቲዋ ላይ በረዶ እንደተጋገረ የገባችው ያን ጊዜ ነው። የመነሻው መዝጊያ ተለቀቀ፣ ሁለቱ መኪኖች ቁልቁል ወረዱ፣ ሕፃናቱ ጮኹ። የሌላው ተወዳዳሪ፣ የካሌብ ቀይ መኪና በጣት ስፋት ቀደመች።

«በጣት! በጣት እኮ ነው የተበለጥከው!» ትሪሻ ልጁን ወደራሷ ሳበችው። «ሁለተኛ ወጣህ፣ አንተ ጉደኛ! እስቲ ላያት።»

 ትሪሻ መኪናዋን ገለበጠቻት። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ ማርላ አየች።

«ይኼን ማን ነው የበሳው?» አለች ትሪሻ። አልተቆጣችም፤ ግራ ነው የገባት። «ከኋላ?»

ስለሚሰነጠቀው እንጨት የምትለው ሁሉ በማርላ ምላስ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ኦረን ቀና ብሎ እናቱን አያት። አስተያየቱ ረጅም አልነበረም፤ የትልቅ ሰው ዓይነት አስተያየት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «ከልክ አልፋ ነበር። ስቸኩል ረሳሁት።»

«አይ አንተ! ያን ሁሉ ቀን ጆሮህ እስኪደነቁር ነግሬህ!» ትሪሻ ፀጉሩን አመሰቃቀለችው፤ ሳቋ ተመለሰ። «እሺ፣ የከርሞ ሰው ይበለን።»

መኪናዋን በጀርባዋ እንደተኛች መለሰችለት። ኦረን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ወደ ማንም ሳያይ አንዱን ጎማ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው። ጎማው ሾረ፣ ያለ አንዳች ድምፅ። ማርላ እስኪቆም ጠበቀች፤ ጎማው ግን መሾሩን ቀጠለ።