የአሥራ አራተኛው ወንበር መልስ

ባዶ ወንበር ስንት ይመልሳል? ተመራማሪዋ ፖስታውን ይዛ በአሥራ አራተኛው ወንበር ፊት ቆማለች። እስክሪብቶው ወለሉ ላይ ወድቋል። ወንበሩ ላይ የነበረችው ሴት የለችም።

ፖስታው ውስጥ ሠላሳ ካርድ አለ። የጨዋታው ሕግ ቀላል ነው። አንደኛው ክፍል የተቀመጠ ሰው በገንዘብ የሚመነዘር አሥር ካርድ ይሰጠዋል፤ ከዚያ የፈለገውን ያህል ሁለተኛው ክፍል ላለው ዘመዱ ይልካል፤ የተላከው መንገድ ላይ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ተቀባዩ ወይ ያካፍላል፣ ወይ ይዞ ይቀራል። ሰው የሥጋ ዘመዱን ምን ያህል ያምናል? ተመራማሪዋ ባሕር ማዶ ስድስት ዓመት የተማረችው ይህን በቁጥር ለመመለስ ነበር።

እነዚህኞቹ እህትማማቾች ናቸው። ታላቅየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ነገ ጎሕ ሲቀድ ለሥራ አገር ትለቃለች፤ የሰባት ዓመት ልጇን ለሁለት ዓመት የምትተወው ለታናሿ ነው። ጠዋት ሲመዘገቡ፣ "ዶክተርዬ፣ እስቲ ይቺን ፈትኚልኝ፤ ካለፈች ልጄን አደራ እላታለሁ" ብላ ሳቀች። ታናሿ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ "ሂጂ ወዲያ! ልጅቷ እኮ ከአንቺ ይልቅ እኔን ነው የምትሰማው።"

ልብስ ሰፊዋ አሥሩንም ካርድ ላከች። አንድ እንኳ አላስቀረችም።

ሰዓቱ ጮኸ። ተመራማሪዋ ራሷ በጻፈችው መመሪያ፣ ጊዜው ሲያልቅ ያልተሞላ ቅጽ እንደ ዜሮ ይመዘገባል። በተማረችበት ቤተ ሙከራ ወንበሩን ጥሎ የሚጠፋ ሰው ስላልነበረ፣ ይህችን መስመር ሁለቴ አላሰበችባትም። አሁን እጇ አመነታ። ከሕጉ ብትወጣ የወራት ድካም ገደል ይገባል። ቅጹ ላይ ዜሮ ጻፈች፤ ካርዶቹን ትታ፣ ቅጹን ብቻ በሌላ ፖስታ ከትታ ወደ አንደኛው ክፍል ወሰደችው።

ልብስ ሰፊዋ ፖስታውን ከመክፈቷ በፊት፣ የጨርቅ ስስነት እንደምትለይ ሁሉ፣ በጣቶቿ ዳበሰችው። ወረቀቱን አወጣች። ገልብጣ ጀርባውን አየች።

"ምንም?"

"ውጤቱን ማብራራት አይፈቀድልኝም..."

"ማን ማብራሪያ ጠየቀሽ? ምንም አልመለሰችም ወይ ነው ያልኩሽ።"

"ወረቀቱ ላይ ያለው ነው" አለች ተመራማሪዋ፤ ድምጿ ለራሷም ቀፈፋት። "ለማንኛውም ቤት ስትገቢ ጠይቂያት።"

"አልጠይቃትም። ብጠይቃት ትምላለች። ከማለች ደግሞ አምናታለሁ።" ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችው። "ሰው የሚታወቀው ማንም ሳያየው ነው። ይኸው አወቅኋት። ልጄን ዛሬውኑ ማሳደጊያ አስገባታለሁ። ባዳ ቢበድል ባዳ ነው ይባላል፤ የእህት በደል ግን ለማን ይነገራል?"

በሩ ጋ ካለው ጠረጴዛ፣ ሁሉም ሲገባ ስልኩን ከሚተውበት ባለ ቁጥር ከረጢት፣ የተዘጋ ስልኳን አንሥታ፣ ሳትከፍተው ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ ወጣች።

ጥቂት ቆይቶ መዝጋቢው ሽማግሌ እያለከለኩ ገቡ።

"ጋሼ፣ የት ጠፍተው ነው?"

"ለዚያች ለአሥራ አራት ቁጥሯ ልጅ ታክሲ ላስይዝ ነዋ! ከትምህርት ቤት ተደውሎ፣ የእህቷ ልጅ ራሷን ስታ ወደቀች አሉ። የእናትየዋ ስልክ ዝግ ሆኖባቸው ነው ለአክስቷ የደወሉት፤ እኔ አነሣሁት። ገና ስነግራት ብን አለች! አንዱን ጫማዋን ደረጃው ላይ አንሥቼ ነው የሰጠኋት።"

ተመራማሪዋ ወደ በሩ ዞረች። "የቱ ትምህርት ቤት?"

"እኔማ እሷ ታውቀዋለች ብዬ መች ጠየቅሁ፣ ልጄ።"

ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ከበሩ ውጭ መንገዱ በሰው ተጥለቅልቋል፤ ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት ሁሉ ልብስ ሰፊዋን ትመስላለች። ሁለት ሴቶችን ትከሻቸውን ይዛ አዞረቻቸው። አንደኛዋ "ምን ነካሽ?" ብላ ገፋቻት።

ተመልሳ ከቅጹ ላይ የታናሽየዋን ቁጥር ፈልጋ ደወለች። አሥራ አራት ከሚል ከረጢት ውስጥ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ስልክ ጮኸ።

"ውይ፣ ለካ ትታው ነው የሄደችው" አሉ ሽማግሌው። "ግድ የለም፣ ነገ ትመጣለች።"

"ነገማ እናትየዋ የለችም፣ ጋሼ!"

እህትማማቾቹ ቢገናኙስ? ታላቅየዋ አትጠይቃትም። ይህን ለተመራማሪዋ በራሷ አፍ ነግራታለች።

የልብስ ሰፊዋ ስልክ አሁንም ዝግ ነው። ተመራማሪዋ መልእክት ጀመረች፦ "በጥናቱ መመሪያ መሠረት..." አጠፋችው። "በቴክኒክ ምክንያት..." አጠፋችው። ሽማግሌው ከጀርባዋ ቆመው፣ "ምነው ልጄ፣ እንደ ሰው ጻፊላት እንጂ" አሉ።

"ዜሮውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እህትሽ ወንበሯ ላይ አልነበረችም፤ ልጅሽ ስለታመመች ወደ እሷ ሮጣ ነበር። በፈጠረሽ፣ ልጅቷን ለማንም አትስጪ።"

ላከችው። ከጽሑፉ ሥር መላኩን የምትነግር አንዲት ምልክት ብቅ አለች። ደረሰ የምትለው ሁለተኛዋ በዚያ ቀን አልመጣችም፤ በማግሥቱ፣ አውሮፕላኑ የሚነሣበት ሰዓት ሲያልፍም፣ ምልክቷ ያው አንዲት ነበረች።