የሰውዬው ረጅም ኖታ

«ሶኬቱ ተሰክቷል» ይላል ወንድወሰን ከመጋረጃው ጀርባ፣ አዋጅ እንደሚያነብ ሰው ድምፁን አወፍሮ።

ሳሎን የተቀመጡት ሦስቱ ዳኞች ዜናውን በአክብሮት ይቀበላሉ። ጎረቤቱ ጋሽ እንደሻው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያኖራሉ። አብዱልፈታ ጫቱን ከቀኝ ጉንጩ ወደ ግራ ያዛውራል። የወንድወሰን ሚስት ገሊላ ገና ከመቀመጧ ተነስታ፣ የተዘጋውን መስኮት እንደገና ትዘጋለች። መስኮቱ የተዘጋው የፈላና በር ባጃጆች ፍርዱን እንዳያዛቡ ነው። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ አምፖል በርቷል።

በዚህ ቤት «ሰውዬው» ማለት አከራዩ አይደለም። ሐረርን በስም እንኳ የማያውቅ አንድ እንግሊዛዊ ጊታር ተጫዋች ነው። በአንዱ ሙዚቃው መሃል አንዲት ረጅም ኖታ አለችው፤ ጀምሯት መጨረስ ያቃተው ይመስላል፤ እንደ ሰው ታለቅሳለች። ወንድወሰን የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ይህቺን ኖታ ሲያሳድድ ስንት ክረምት አለፈ። ከጅቡቲ የጊታር ክር አስመጣ። አምፕሊፋየሩን ባዶ የውሃ በርሜል ውስጥ አስገብቶ ሞከረ፤ ያን ሳምንት ቤቱ ያለ ውሃ ሰነበተ፣ ኖታዋም ገደል እንደገባች ፍየል ጮኸች። አሁን ደግሞ አብዱልፈታ፣ ኤረር በር አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግነው፣ ድምፅ የሚያሻክር ነገር በወተት ጣሳ ውስጥ በይዶ አምጥቶለታል።

ትናንት ግን የወንድወሰን አፍ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በጋሽ እንደሻው ፊት ማለ። «ነገ ካልመጣችልኝ፣ ኡራኤልን! ጊታር የሚባል ዕቃ ሁለተኛ በእጄ አልነካም።»

ገሊላ ይህን መሐላ ስትመኘው ኖራለች። ሲመጣ እንቅልፍ ነሳት። ጊታር የሌለው ወንድወሰን ማታ ማታ ምን ይሠራል? ፈተና ያርማል። ስለ ማዘጋጃ ቤቱ ያወራል።

«ደንቡ ይሄ ነው» ይላል መጋረጃው። «መጀመሪያ ሰውዬውን በትንሿ ስፒከር አሰማችኋለሁ። ቻርጅ አድርጌያታለሁ፣ ገመድ አትፈልግም። ቀጥሎ እኔ፣ በአምፕሊፋየሩ። ልዩነት የሰማ እጁን ያውጣ።»

«ሳንዋሽ?» ትላለች ገሊላ።

«ሳትዋሹ።»

«እኔማ መዋሸትም አልችል» ይላሉ ጋሽ እንደሻው። «ጆሮዬ ክፍለ ጦሩ ባንድ ውስጥ የተሳለ ነው። ከበሮ ነበርኩ።»

«ከበሮው ራሱ ነበሩ፣ ጋሽ?»

«መቺው ነበርኩ፣ አንተ ጫታም!»

ከባንዱ በኋላ ወደ መድፈኛ መዛወራቸውን አያነሱም። ወደ መጋረጃው የሚያዞሩት ግን ግራ ጆሯቸውን ብቻ ነው።

ሰውዬው ይጫወታል። ኖታዋ ትመጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሄዳለች። ከዚያ ወንድወሰን ይጫወታል። ኖታዋ ትጀምራለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ጣሳው ዝዝ ይላል፤ ዳገት ላይ ማርሽ እንደጠፋበት ባጃጅ አቃስታ ትሞታለች።

«እጅ?»

ማንም እጁን አያወጣም። ጣሳውን የበየደው አብዱልፈታ ኮርኒሱን ይመረምራል። ገሊላ እጆቿ ላይ ተቀምጣለች።

«አንድ ናቸው» ይላሉ ጋሽ እንደሻው።

«ወላሂ፣ አንድ ናቸው አቦ!»

«ገሊላስ?»

«ሁለተኛው እንዲያውም ሞቅ ይላል።»

ጋሽ እንደሻው ባርኔጣቸውን ያደርጋሉ፣ ያወልቃሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ዕቃ ሲነሳ፣ ዚፕ ሲጎተት ይሰማል።

«ወንዴ?» ትላለች ገሊላ።

«አንዴ ብቻ» ይላል፤ የአዋጅ ድምፁ የለም። «አሁን የምትሰሙት እኔን ነው። በአምፕሊፋየሩ። የመጨረሻዬ ነው።»

ከመጋረጃው ሥር የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት ወለሉ ላይ ፈሷል። እና ኖታዋ ትመጣለች።

አሁን መጣች። አትንቀጠቀጥም። ዝዝ የሚል ጣሳ የለም። ጋሽ እንደሻው ባርኔጣቸውን ይጨመድዳሉ። አብዱልፈታ ማኘኩን አቁሞ የገዛ ጣቶቹን እንደ ሌላ ሰው ጣቶች ያያል። «ማሻአላህ» ይላል፣ ለራሱ። ገሊላን ዓይኗን ያቃጥላታል። ያ ሁሉ ክር፣ ያ በርሜል፣ ያ ሁሉ ስድቧ። ማታ ይቅርታ ልትጠይቀው ትወስናለች።

አምፖሉ ይጠፋል። ፍሪጁ አንዴ ተንዘፍዝፎ ጸጥ ይላል። ከመጋረጃው ሥር ቀዩ መብራት ይደርቃል።

ከግቢው ውጭ ልጆች «ሄደ! መብራት ሄደ!» ይላሉ። ኖታዋ ግን አልሄደችም። ደብዛዛው ሳሎን ውስጥ፣ ያለ መብራት፣ እንደጀመረች ታለቅሳለች።

ማንም ማንንም አያይም። ጋሽ እንደሻው በጎውን ጆሯቸውን ከመጋረጃው ያዞራሉ። ገሊላ ትነሳና መስኮቱን በርግዳ ትከፍታለች፤ ባጃጆቹ ይግቡ፣ ይንጫጩ፣ ይሸፍኑት።

«ይሞቃል» ትላለች።

«በጣም» ይላሉ ጋሽ እንደሻው፣ የካፖርታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ።

ከባጃጆቹ በፊት ግን የገባው ነፋሱ ነው። መጋረጃው ሆዱን ይነፋና ወደ ጎን ይላል። ጊታሩ ቦርሳው ውስጥ ነው፤ ዚፑ እስከ አንገቱ ተዘግቶ ግድግዳውን ተደግፏል። ወንድወሰን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ትንሿን ስፒከር በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።