ከክትትል ክፍል

መልእክቱ ሲመጣ አናጺው የወንበር እግር እየላገ ነበር። መላጊያውን አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገና ስልኩን ከኮላው ጣሳ ጀርባ አወጣ። ይህ ስልክ ቤት ገብቶ አያውቅም። ቁጥሩንም ሚስቱ አታውቀውም።

«ተበዳሪ ሆይ፣ የሰው ገንዘብ በልቶ ዝም ማለት ከተቻለማ ሌባም ጨዋ ነው። ክትትል ክፍል።»

ጆሮው ድረስ ጋለ። ስሙን እንኳ አይጠሩትም። ለእነሱ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ቆዳ የለውምና እንደ ልብ ይገረፋል።

ገንዘቡን በስልክ ከሚያበድር ድርጅት የተበደረው አንድ ትምህርት ቤት ዴስክ ባዘዘው ጊዜ ነው፤ ለጣውላ። ዴስኮቹ ተሠርተው ሄዱ። ክፍያው «ነገ» እንደተባለ ቀረ። ወለዱ ግን ነገን የሚጠብቅ ዓይነት አልነበረም።

ጎረቤቱ፣ ባለብየዳው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣና ስልኩን ተቀብሎ አነበበ። የአናጺውን ጉድ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

«ስድቡ ራሱ የተማረ ነው» አለ። «እኔን በሕይወቴ እንዲህ አሳምሮ የሰደበኝ የለም።»

«ይሄን ጎረምሳ አንድ ቀን ላግኘው ብቻ። እጁን እዚች ጠረጴዛ ላይ በምስማር ነው የምቸነክረው።»

«እሱም እንደኛው እንጀራ ፈላጊ ነው፣ ወንድሜ። ይልቅ ለሚስትህ ንገራት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

አናጺው ወደ ወንበሩ እግር ተመለሰና ከሚገባው በላይ ላገው።

ለሚስቱ ምን ብሎ ይነግራታል? የቤት ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት። ስለ ሥራው በጠየቀችው ቁጥር ትምህርት ቤቱ ሊከፍል ነው፣ ከማንም ሳንቲም አልተበደርኩም እያለ ሲምልላት ከርሟል። እሷም መሐላውን አምና፣ እስኪከፈለው ቤቱን ልያዝ ብላ ነው ቢሮ ሥራ የገባችው። የጽሑፍ ሥራ ነው አለችው፤ ከዚያ በላይ አልጠየቃትም። ድሮም ብዕር ያላት ሴት ናት። የሠፈሩን የሠርግ ጥሪ ሁሉ የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከሠርጉ ይልቅ ጥሪው ያምራል ይል ነበር። አሁን ከሥራ ስትመለስ የእጇን አንጓ በሞቀ ውሃ ትዘፈዝፋለች። አናጺው ያቺን አንጓ ባየ ቁጥር ምላሱ ይታሰራል።

መልእክቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ እስከ ሥራ መውጫ ይዘንባል፤ አንዳንዱም ለሚስትህ እንነግራታለን ብሎ ይዝታል። ፋታ ያገኘው ሚስቱ ጉንፋን ጥሏት ቤት የዋለች ዕለት ብቻ ነበር። ሲያስታምማት ውሎ አመሻሽ ላይ ወደ መሥሪያው ብቅ ቢል ስልኩን ከመልእክት ባዶ ሆኖ አገኘው። እግዜር ለእሷ ሲል አሳረፈኝ አለ በሆዱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን የከረመውን ሁሉ የሚያስንቅ ሆነ።

«ተበዳሪ ሆይ፣ ያሳደጉህ በሕይወት ካሉ ይፈሩብህ፤ ከሞቱም ዐረፉ።»

አናጺው እናቱን ከቀበረ ገና ዓመት አልሞላውም። እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ እያጠበች፣ እያጎረሰች ያስታመመቻትም ሚስቱ ናት። መዶሻውን ወርውሮ ግድግዳውን በሳው። ባለብየዳው ሮጦ ሲመጣ አናጺው ስልኩ ላይ መልስ እየጻፈ ነበር። እስከ ዛሬ ለአንዱም መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

«ይህን የጻፍክ ሰው፣ የምትወደው ሰው ፊት እግዜር እንዲህ ያዋርድህ። ያጎረስካቸው ሁሉ እጅህን አይተው ይጠየፉህ።»

ላከው።

የዚያን ዕለት ማታ ሚስቱ እራት አልበላችም። ራሴን አሞኛል ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ትከሻዋን ቢነካት ሸሸችው።

አናጺው ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋበት ያህል ክው አለ። ነገሯት ማለት ነው። እነዚያ ውሾች ዛቻቸውን ፈጽመዋል። ቤቴን አፈረሱት።

በማግስቱ መሥሪያውን በጊዜ ዘጋ። ያን ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ በኪሱ ይዞ ቤት ገባ። ሚስቱ ከሥራ ተመልሳ ብርጭቆ ታጥባለች። ተቀመጪ ቢላት አልተቀመጠችም። ስለዚህ ለጀርባዋ ነገራት፤ ስለ ብድሩ፣ ስለ ወለዱ፣ ሲምልላት ስለከረመው ውሸት፣ በድብቅ ስላወጣው ሁለተኛ የስልክ ቁጥር። አንዱንም አላስቀረም።

«ለምን እስከ ዛሬ ደበቅከኝ?» አለች በመጨረሻ።

«አፈርኩ። አንቺ እንደዚያ እየለፋሽ እኔ ዕዳ ይዤ ልምጣ? ደግሞ አውቃለሁ፣ ትናንት ነግረውሻል።»

«ማንም የነገረኝ የለም።»

አናጺው ግራ ገባው። ንዴቱ ግን ከግርታው ቀደመ። ዕዳውን አልክድም፣ እከፍላለሁ አላት፤ አፈር ድሜ በልቼም ቢሆን እከፍላለሁ። እናቴ ግን ምን አደረገቻቸው? የሞተች ሴት ምን አጠፋች? ከዚያ ትናንት የደረሰውን ስድብ ቃል በቃል ነገራት።

ብርጭቆው ከእጇ አምልጦ ገንዳው ውስጥ ተሰበረ። አልለቀመችውም። ውሃው ብቻ ይፈሳል።

«ዛሬም አልተዉኝም» አለ፤ ስልኩን አውጥቶ። «ስሚው እንግዲህ፣ የምኖረውን ኑሮ ስሚው። ‹ተበዳሪ ሆይ፣ ርግማንህ ደርሶኛል። እኔም እንዳንተው ቤት አለኝ። ዛሬ ማታ ከሚስትህ ጋር ስትቀመጥ…›»

እዚህ ላይ አቆመና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው።

«‹…ዓይን ዓይኗን እያየህ እውነቱን ንገራት፤ እኔ ከነገርኳት ግን ጎጆህ አይቆምም። ክትትል ክፍል›» አለች ሚስቱ፣ ከውሃው ሳትዞር።