ከዜሮ እስከ አሥር

ነርሱ ዜሮ ብሎ ጻፈ። ሁሪያ ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ታውቃለች። ወረቀቱ ላይ ያረፈችውን ክብ ምሰሶው ሥር ቆማ አየቻትና ደሟ ፈላ።

ጥያቄው፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነበር የሚል ነው። አባቷ አባ አብዱልጀሊል አልጋው ላይ ቀና ብለው፣ ለእንግዳ የሚያወጡትን ፊት አውጥተው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልል» አሉ። ነርሱም ያሉትን ጻፈ። እንቅልፍስ? አልሐምዱሊላህ። ምግብስ? አላህ የሰጠንን እንቀምሳለን። ዜሮ፣ ዜሮ፣ አሁንም ዜሮ።

ነርሱ ይርጋ ይባላል፣ የወልድያ ልጅ ነው። በጽኑ የታመመ ሰው ኑሮው ምን እንደሚመስል የሚያጠኑ ሰዎች ቀጥረውት በሀብሩ ቀበሌዎች ቤት ለቤት ይዞራል። ሕመሙ ሰባትና ከዚያ በላይ ለሆነ በሽተኛ ሪፈር ይጽፋል፤ ሪፈር የያዘ ሐሙስ ሐሙስ መርሳ ላይ ሞርፊን የሚባል የሚጠጣ ማስታገሻ ይሰጠዋል። ከሰባት በታች ያለው ተመስግኖ ይታለፋል። ይህንን ገና ሲገባ ለአባትም ለልጅም ነግሯቸዋል። ሁሪያ ከዚያ ወዲህ የተባለውን ሁሉ በደንብ አልሰማችም፤ ሐሙስ የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ ቀርቷል።

ምንም አልል ይላሉ እኮ! ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ በቃሬዛ ተሸክመው ማሽላ ለማሽላ ሲያሸሿቸውም እንዲሁ ነበሩ፤ ትንፍሽ አላሉም። ጤና ኬላው በሩ ሳይቀር ተነቅሎ ተወሰደ። ተኩሱ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖትም መድኃኒት ቤት የሚገኘው የራስ ምታት ክኒን ነው። እሱን በማንኪያ እየፈጨች ስታጠጣቸው ከርማለች። አልረዳቸውም።

ይርጋ ገጹን ገልጦ ቀጠለ። ባለፈው ሳምንት ውስጣዊ ሰላም ተሰምቶዎታል?

ሁሪያ እዚህ ላይ አልቻለችም። ሄዳ የአባቷን ጋቢ ጫፍ ሳብ አደረገችና አፍንጫው ሥር ዘረጋችለት። ጥለቱ ተበጣጥሶ ክሩ ተንጨባሯል።

«ይኸውልህ። ይሄን አይጥ አይደለም የበላው።»

ይርጋ አየው። ቀስ ብሎ ሕጉን ነገራት፤ መልሱ ከበሽተኛው ከራሱ አፍ ካልሆነ አይያዝም፣ ቤተሰብ የሚለው አይጻፍም። እሷ ወደ አባቷ ዞረች። በአላህ ይሁንብዎ ይንገሩት አለቻቸው፣ እንደ ልመናም እንደ ቁጣም። አባ አብዱልጀሊል ጋቢውን ከእጇ ወስደው መልሰው ለበሱት።

«ፈጣሪዬን ለፍጡር አልከስም፣ ልጄ።»

በር የነቀሉት ላይ ተናደደች፣ ሰላም ተሰማህ ወይ ብሎ ወረቀት የጻፈው ላይ ተናደደች፣ ከሁሉም ከሁሉም ግን እኚህ ሰውዬ ላይ። ሰውዬው ደግሞ አባቷ ናቸው። ምን ይደረጋቸዋል?

ይርጋ ወረቀቱን ሰብስቦ ቦርሳውን ሲያነሳ ከመስጊዱ የቀትሩ፣ የዙህር አዛን ተሰማ። ሁሪያ አዛኑን ስትሰማ ቀጥ አለች። ለአባቷ አፈር በሰሐን አቀረበችላቸው። ውሃ ስለማይችሉ በአፈሩ ፊትና እጃቸውን አብሰው ተየሙም አደረጉና እንደተቀመጡ መስገድ ጀመሩ። ይርጋ ነውር እንዳይሆንበት ቶሎ ወጣ። ተከትላው ወጥታ ክንዱን ያዘችው።

«አትሄድም» አለችው። «መጀመሪያ ና።»

በቤቱ ጀርባ አዞረችው። ነሐሴ ላይ ፍንጣሪ የበሳው የግድግዳ ቀዳዳ በጭቃ ገና አልተደፈነም፤ አልጋው ደግሞ ከዚያው ሥር ነው። አባቷ ሰግደው ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ ላይ ይዘረጋሉ፣ በየቀኑ እንደሚያደርጉት። ሁሪያ ታውቀዋለች።

«ያ ረቢ» አለ ድምፁ፣ ለእንግዳ የሚወጣው ድምፅ አልነበረም። «አጥንቴ እየተፈጨ ነው። ትናንት ሦስቴ ሞትን ለመንኩህ። ልጄ እንዳትሰማኝ ጋቢ ጎርሼ ነው የማድረው። ወይ አቅልልልኝ፣ ወይ ውሰደኝ። ከዚህ በላይ አልችልም።»

ይርጋ ራሱን አቀረቀረ። ይሄ እኮ ለእኔ የተነገረ አይደለም አላት በሹክሹክታ።

«ከራሱ አፍ አላልክም? ይኸው አፉ። ጻፍ።»

ይርጋ ወረቀቱን ከቦርሳው አወጣ። ከዚያ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ዜሮዋን ሰረዘና አሥር ጻፈ። ሪፈሩንም እዚያው ሞልቶ ሰጣት፣ ዓይኗን ሳያይ ሄደ።

ገብታ ወረቀቱን ትራሳቸው አጠገብ አኖረችው። አባ አብዱልጀሊል ወረቀቱን አዩ፣ ቀዳዳውን አዩ፣ ገባቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«እኔ ለአላህ ነበር የነገርኩት።»

«አውቃለሁ አባ። ስምንት ወር አብሬው ስሰማ ከርሜያለሁ። እሱ ሶብሩ፣ ትዕግሥቱ አለው፤ እኔ የለኝም።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ሁሪያ ቆመች፤ ቅደጂው ካሉ የምትመልሰውን ሁሉ አፏ ላይ አዘጋጅታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ ላይ ልትጮህ። ጠበቀች። ጋቢው ሁለት ሦስቴ ከፍ ዝቅ አለ።

«ለሐሙስ» አሉ፣ ሳይዞሩ፣ «ስንት ቀን ቀረው?»