የዳክዬዎቹ ምስክሮች

«ምስክር ከማመንህ በፊት፣ ቁርሱን የት እንደበላ ጠይቅ» ይል ነበር አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና። ዕድሜ ልኩን የፍርድ ቤት በር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ልጁ ግን ተምሮ ተመራማሪ ሆነና በነገሩ ይስቅ ጀመር። ቁርስና እውነት ምን አገናኛቸው?

የተመራማሪው ሥራ ወፍ መቁጠር አልነበረም። ሌሎች የቆጠሩትን መሰብሰብ ነው። ስለ አንድ ጉዳይ የተሠሩ ጥናቶችን ከያሉበት ለቃቅሞ፣ እያንዳንዱን መዝኖ፣ ከሁሉም አንድ ቃል ያወጣል። አሁን የያዘው የትልቁን ሐይቅ ዳክዬዎች ነበር። ያጠኗቸው ሰዎች በተለያየ ዘመን የመጡ፣ መልክ ለመልክ እንኳ የማይተዋወቁ ናቸው። ሁሉም ግን ተማክረው እንደመጡ «ዳክዬው ሞልቷል፤ እንዲያውም ሰው አይፈራም» ብለው ጽፈዋል።

ከአንዱ በቀር። «ሐይቁ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው» ያለው የገዛ ሚስቱ ወንድም ነበር።

የእሱን ዋሾነት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዕድሜውን ይዋሻል። ስላጠመደው ዓሣ ሲያወራ ሁለት እጁን ዘርግቶም አይበቃው። አለቃው ለተመራማሪው ቁርጡን ነግሮታል፤ «ቁጥሩን ቤቱ ተኝቶ የፈጠረው ከሆነ ንገረኝ፤ ዛሬውኑ አባርረዋለሁ።»

ተመራማሪው የሚስቱን ወንድም ቤቱ ጠርቶ ጠየቀው።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ሐይቁ ድረስ ሄደሃል?»

«እንዴታ! ቀዛፊው ታሞ ተኝቶ ብቻዬን ስቀዝፍ ነው የዋልኩት። መዳፌ ተልጦ ነበር፣ እየው!»

«የታለ ቁስሉ?»

«ዳነ እንጂ! እስከ ዛሬ እያመረቀዘ እንዲቆይልህ ፈልገህ ነው?»

ሚስቱ ሰምታ ከጓዳ ወጣች።

«ወንድሜ ዋሾ ነው፤ እኅቱ ሆኜ አልክድም» አለች። «ግን የሚዋሸው ራሱን ለማሞገስ ነው። ይሄ ምን ይጠቅመዋል? የእንጀራ ገመዱን ከመበጠስህ በፊት ሄደህ በዓይንህ እይ።»

ሄደ። ሐይቁ ዳር ሲደርስ ገና ጎህ መቅደዱ ነው። አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ ጀልባውን አስጠግቶ ተቀበለው።

«ወፍ ለመቁጠር ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ይግቡ ጌታዬ፣ ሥፍራውን አውቀዋለሁ።»

ተመራማሪው በሆዱ «ጌታ ሆይ፣ ሰው እንዳልበድል እርዳኝ» ብሎ ጸለየና ገባ። እግሩ ሥር የተቀመጠ ጆንያ ቢያስቸግረው በጫማው ገፋ አደረገው።

ሽማግሌው ብዙ ሳይቀዝፍ ከሸምበቆ መሐል ገባ ወዳለ ጥግ ወሰደው። እዚያ ሲደርሱ በመቅዘፊያው የጀልባዋን ጎን ኳ፣ ኳ አደረገ። ያን ጊዜ ዳክዬው ከየአቅጣጫው እየተንጫጫ፣ እየተገፋፋ ጀልባዋን ከበባት። አንዱ ጭራሽ ተመራማሪው አጠገብ ጉብ አለ። ቆጠረ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና ጀመረ፣ ተወው።

ይሄ ሁሉ ዳክዬ እያለ «ባዶ ነው»! ዓይን ያወጣ ዋሾ! ለሚስቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት እያሰበ ስልኩን አውጥቶ የወንድሟ አለቃ ጋ ደወለ።

«እህ፣ ምን አገኘህ?» አለ አለቃው። «ላባርረው?»

ተመራማሪው አፉን ሊከፍት ሲል፣ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ፈታና በቆሎውን ሁለት እጁን ሞልቶ እያፈሰ እንዲህ አለው፦

«ከሐይቁ የተረፉት እነዚሁ ናቸው፣ ጌታዬ፤ የመጣ ቆጣሪ ሁሉ ባዶውን እንዳይመለስ እያልኩ፣ ቁርሳቸውን ይዤ እዚሁ ነው የማመጣው።»