የዘገየው ሞተር

ወንድሜን ቻሞ ሐይቅ ላይ ጉማሬ የገደለው አንድ የድሮ ደንበኛዬ በሚነዳው ጀልባ ተሳፍሮ ሳለ ነው። ሽማግሌዎችም «ነጂው ሰክሮ ነው ሳያመልጥ የቀረው» ብለው ፈረዱበት። የእኔን አንጀት ግን ፍርዱ አላራሰውም፤ ልበቀለው ሦስት ዓመት ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁት። ዛሬ በገዛ እግሩ ጋራዤ መጣልኝ።

«ለጀልባ ሞተር ሱፐርቻርጀር ይሻላል ወይስ ቱርቦ?» አለኝ።

ሁለቱም የሞተር ጉልበት ይጨምራሉ፤ ሱፐርቻርጀር ነዳጅ እንደሰጡት ይወነጨፋል። ቱርቦ ግን የጭሱ ግፊት እስኪያነሳው ይዘገያል፤ ጉማሬ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

«ቱርቦ» አልኩት። «ዛሬውኑ እገጥምልሃለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ያን ቀን ጠብታ አልቀመስኩም። ጉማሬው ብቅ ሲል ነዳጅ ሰጠሁት፤ ቱርቦው እስኪነሳ ደረሰብን። ያንን ቱርቦ የገጠምክልኝ አንተ መሆንህን ግን ለሽማግሌዎቹ ትንፍሽ አላልኩም።»