ልብስ ሰፊዋን ፍለጋ የመጣው ሰውዬ

አታምኑኝም... ብዋሽ ምላሴ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ይገንጠል!

ሰውዬው የፀጉር ቤቱን በር በትከሻው ገፍቶ ገባና «ሚስቴ የት ገባች?» አለ።

አንገቱን ብታዩት... የሦስት ሰው ሸሚዝ ቢገጣጠም አይዘጋለትም!

የሚፈልጋት ልብስ ሰፊዋን ነው። ክንዷን የሰበራት እሱ ነው። እሷ ግን ለጠየቃት ሁሉ «ከደረጃ ወድቄ» ትል ነበር።

ቤቷ ደረጃ የለውም...

ከዚያ አንድ ቀን ሱቋን ዘግታ ጠፋች።

የእኛ ሰፈር ሰው ደግሞ ድመት ስታዛጋ እንኳን ምን በልታ እንደሆነ ያወራል። ፀጉር ቆራጩማ አለቃቸው ነው። አሁን ይዘረግፈዋል ብዬ ጆሮዬን ቀሰርኩ...

«ወንድሜ፣ ፋርማሲ ሄደህ ጠይቅ» አለው። ቀጥሎ ሰዓቱን አየና እስክሪብቶ አነሳ።

እስክሪብቶ? ከመቀስ ሌላ ነገር ጨብጦ የማያውቅ ሰው!

ነገሩ አላስቀመጠኝም። ተከተልኩት።

ፋርማሲስቷ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ውይ ጋሼ፣ ጫማ ሰፊው ነው የሚያውቀው» አለች።

ሰውዬው መስታወቱን በቡጢ ነረተው። «ባገኛት ሁለተኛውንም ክንዷን ነው የምሰብረው!»

«ሁለተኛውንም... ነው ያሉኝ?» አለች፣ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደምትጽፍ ረጋ ብላ እየጻፈች።

ኧረ ምን ጉድ ነው? ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ቀን ጸሐፊ ሆነ እንዴ?

ጫማ ሰፊው ምስማር በከንፈሩ እንደያዘ «ከክሊኒኩ ጀርባ ሰማያዊ በር አለ። እዚያ ሁሉንም ያውቃሉ» አለው።

ሰውዬው በሩን በርግዶ ገባ። እኔም አፍንጫዬን መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ።

ውስጥ አንዲት ሹራብ የለበሰች ሴትዮ ተቀምጣለች።

«ማን ልበል?»

«ባሏ ነኝ! ክንዷን የሰበርኳት ባሏ!» አለ፣ ሹመቱን እንደሚናገር ደረቱን ነፍቶ።

«ጎሽ! ስንጠብቅህ ነበር» አለችና መታወቂያዋን አሳየችው።

ፖሊስ!

«እንዳትፈልጋት፣ እንዳትቀርባት ብሎ ፍርድ ቤት ያዘዘህን ዛሬ ስንት በር ላይ ጣስከው?»

ለካ... ክንዷን በጄሶ ያሰረችላት ነርስ ናት በሩን ዘግታ ማን እንደሰበራት ቀስ ብላ የጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ እውነቱን ተናግራ ለፖሊስ ለመንገርም «እሺ» ስትል ከፖሊሷ ጋር አገናኘቻት። ፖሊሷ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስወጣችላት፣ መጠለያም አገኘችላት። ባለሱቆቹ ደግሞ ተመካከሩ፦ ሰውዬው ሲመጣ የት እንዳለች ማንም አይናገርም፣ ያለውን ከነሰዓቱ ይጽፋል፣ ወደሚቀጥለው ይልከዋል።

ያ ሁሉ አንገት በገዛ እግሩ ሄዶ በገዛ አፉ ታሰረ!

ወገኖቼ... «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» ብለን ዝም ስንል የምንጠብቀው መቺውን ነው። ተመካክረን ዝም ስንል ግን ተመቺዋን ነው።

እናንተ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ለማን ትነግሩ ነበር? ማንንስ ትደብቁ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰውዬው ተፈርዶበት ከገባ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ከፈተች። ሄድኩባት።

«እህቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ ለእኔ ብቻ ለምን አልተነገረኝም?»

መርፌዋን ከጥርሷ አወጣችና...

«ለአንተ ከምንነግርህማ አድራሻዬን ለራሱ ብንሰጠው አይሻልም?»